ከወዳደቀ እንጨት የሥራ ጠረጴዛ፦ አሠራሩና እንዳይወዛወዝ ማጠናከሪያው

መነሻ

በእጅ ያለው ዕቃ፦ ሁለት የዕቃ መጫኛ ፓሌት፣ ከአርማታ ሥራ የተረፈ 17 ሜትር ያህል 4 በ8 ሴ.ሜ ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ባለአራት ማዕዘን ረጅም እንጨት)፣ 150 በ60 ሴ.ሜ የሚወጣው ባለ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ከስስ የእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የተሠራ ሰሌዳ)፣ ከማሸጊያ ሣጥን የተገኘ ባለ10 ሚሊ ኮምፔንሳቶ። የሚገዛው ብሎን፣ ነጭ የእንጨት ኮላ እና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

ልኩ፦ ርዝመት 150፣ ጥልቀት 60፣ ከፍታ 87 ሴ.ሜ። ከፍታው የሚወሰነው በሚሠራበት ሰው ቁመት ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የእጁ አንጓ የሚደርስበት ቦታ ለአብዛኛው ሥራ ይስማማል። ብዙ የሚላግበት ጠረጴዛ ከሆነ ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል፤ መላጊያ የሚገፋው በክንድ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ሰውነት ስለሆነ ነው።

ስያሜ እንዳያምታታ፦ «ብሎን» የምንለው በካቻቪቴ የሚጠብቀውን የእንጨት ብሎን ነው። ዳዶና ሮንዴላ የሚገባበትን «ባለዳዶ ብሎን» እንለዋለን። ከላይ ያለው የሥራ ገጽ «ገበታ» ነው።

ዕቅዱ የተነሣው ከአንድ ነጥብ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ከላይ በተጫነበት ክብደት ተሰብሮ ሲወድቅ እምብዛም አይታይም። የሚያበላሸው የጎን ግፊት ነው። መጋዝ ሲጎተት፣ መላጊያ ሲገፋ፣ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚተከል ማሰሪያ) ላይ የታሰረ ብረት ሲጠመዘዝ አራት ማዕዘኑ ይዘማል። ሲዘም ብሎኑ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ የሰፋው ቀዳዳ በሚቀጥለው ግፊት የበለጠ ያዘማል። በስድስት ወር ውስጥ የሚወላልቁት ጠረጴዛዎች ታሪክ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ብሎን መጨመርም አያድናቸውም። ስለዚህ ሁለት ሕግ ይዘናል፦ ክብደት በእንጨት ላይ እንጂ በብሎን ላይ አይረፍ፤ እያንዳንዱ ጎን ወይ ሦስት ማዕዘን ወይ ሙሉ ሰሌዳ ይኑረው።

1ኛ ቀን፦ መምረጥ

ከወዳደቀ እንጨት ሲሠራ የሥራው ግማሽ የሚጣለውን መለየት ነው።

በመጀመሪያ የፓሌቱ ማኅተም ይታያል። በጎኑ ላይ የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት ተቃጥሎበት ከሆነ የዓለም አቀፉን የዕፅዋት ጥበቃ ደንብ ተከትሎ የተዘጋጀ ነው። ከአጠገቡ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት እንጨቱ በምን እንደታከመ ይናገራሉ። «ኤች ቲ» (HT) ማለት እንጨቱ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሙቀት ቆይቷል ማለት ነው፤ ይህ ለሥራ ይሆናል። «ኤም ቢ» (MB) ማለት በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗል ማለት ነው፤ መርዝ ስለሆነ አንነካውም። ማኅተም የሌለው ፓሌት በቁመናው ይፈረዳል። ዘይት ወይም ቀለም የፈሰሰበት፣ ኬሚካል ኬሚካል የሚሸት ከሆነ ይቅር።

አረንጓዴ ቀለም የተጋባበት የቆየ የአጥር ወይም የምሰሶ እንጨትም አይሆንም። መዳብና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል፤ ሰጋቱራው ከሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ለማገዶም አይሆንም። ዕድሜ ያለው ቀለም የተቀባ እንጨትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን እንጨት ጤና በቢላ ጫፍ እንፈትናለን። ጤነኛ እንጨት ሲወጉት ይቋቋማል፤ ሲፈነቅሉትም ረጅም ስንጣሪ ሆኖ ይነሣል። የበሰበሰው ጫፉን ያለ ትግል ያስገባል፣ ሲፈነቀልም አጭር አጭር ሆኖ ይፈረካከሳል። የነቀዝ ቀዳዳ ብቻውን አያስጥልም። ከቀዳዳው ሥር ትኩስ ዱቄት ከታየ ግን ነቀዙ በሕይወት አለ፤ ወደ ሌላው እንጨት ሳይዛመት ይወገድ።

የጉጥ ነገር፦ ከስፋቱ ሲሦ የሚበልጥ ጉጥ ያለበት ሞራሌ ለአግዳሚ አይሆንም። አግዳሚ ሲጫን የታችኛው ጠርዙ ይሳባል፤ ጉጡ እዚያ ከሆነ የሚሰነጠቀው በእሱ በኩል ነው። ጉጥ ያለበትን ለእግር አጫጭር ቁራጮች አስቀርተናል፤ እነሱ ተጨምቀው ብቻ ነው የሚሠሩት።

መጠማዘዝን ለማየት ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን በሞራሌው ሁለት ጫፎች ላይ አግድም አስቀምጦ በአንደኛው አናት ላይ አሻግሮ ሌላኛውን ማየት ይበቃል። አናታቸው ካልተመሳሰለ እንጨቱ ተጠማዝዟል። እንደ ደጋን የጎበጠ ሞራሌ ሲቆራረጥ ጉብጠቱ በየቁራጩ ይቀንሳል፤ የተጠማዘዘ ግን በቀላሉ አይድንም። ሦስት ቁራጭ በዚህ ምክንያት ወድቋል።

2ኛ ቀን፦ ፓሌት መፍታት

በመዶሻና በምስማር መንቀያ በቀጥታ መፈልቀቅ ጣውላውን ይሰነጥቃል። የፓሌት ምስማር ብዙውን ጊዜ አካሉ የተጠመዘዘ ወይም ቀለበት ቀለበት ያለበት ነው። የተሠራው እንዳይወጣ ስለሆነ ምስማሩ ከመውጣቱ በፊት ጣውላው ይለቅና ጫፉ ይከፈላል።

የተሻለው መንገድ ምስማሩን መቁረጥ ነው። በጣውላውና በተሸካሚው መካከል ሽብልቅ አስገብቶ 3 ሚሊ ያህል ክፍተት መፍጠር፣ ከዚያ የብረት መጋዝ ምላጭ አግብቶ ምስማሩን መቁረጥ። ምላጩ ከእጄታው ወጥቶ አንደኛው ጫፉ በጨርቅ ከተጠቀለለ በጠባብ ቦታም ይሠራል። አንድ ምላጭ እስከ 25 ምስማር ቆርጧል። ጣውላው ላይ የቀረው የምስማር ራስ ከጀርባ በቡጢ ብረት ተመትቶ ይወጣል፤ ካልወጣም ከእንጨቱ ጋር እኩል ከሆነ አይጎዳም። መጋዝና መላጊያ በሚያልፍበት ቦታ ግን አንድም ብረት መቅረት የለበትም። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ በእንጨቱ ላይ ማሳለፍ የተደበቀውን ሁሉ ያሳያል፤ ምስማር ባለበት ቦታ ማግኔቱ ይስባል። በዚህ መንገድ ብቻ 11 ምስማር ተገኝቷል።

ከሁለቱ ፓሌቶች 120 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 10 ሴ.ሜ ስፋት፣ 22 ሚሊ ውፍረት ያላቸው 18 ጣውላዎች ወጥተዋል፤ 3ቱ ተሰንጥቀዋል። ለሥራ የቀረው 15 ነው።

የሞራሌው ችግር ሲሚንቶ ነው። የደረቀ ሲሚንቶ የመጋዝ ጥርስና የመላጊያ ምላጭ በአንድ ጊዜ ያደንዛል። በአሮጌ መሮ ፍቆ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ከዚያ ብቻ መጋዝ ይቅረብ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ የሚነሣው አቧራ ሲሚንቶ ነው።

ከ3ኛ እስከ 16ኛ ቀን፦ ማድረቅ

ደጅ የከረመ እንጨት በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየመካከሉ ቀጭን ዘንግ እየገባ ይደረደራል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

መድረቁን በሚዛን መከታተል ይቻላል። አንድ 132 ሴ.ሜ የሆነ ሞራሌ በየአራት ቀኑ ተመዝኗል፦ 2.60፣ 2.34፣ 2.25፣ 2.24 ኪሎ። ሲቆም ደርቋል ማለት ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ጠረጴዛውን በእርጥብ እንጨት አጥብቆ ያስራል፤ እንጨቱ ሲኮማተር ሮንዴላው ሥር ክፍተት ይፈጠራል፣ የተጠበቀውም ይላላል።

17ኛ ቀን፦ መቁረጥ

ከ4 በ8 ሞራሌ የሚቆረጠው፦

የእግር ረጅም ቁራጭ፣ 83 ሴ.ሜ፣ 4
የእግር መካከለኛ ቁራጭ፣ 52 ሴ.ሜ፣ 4
የእግር አጭር ቁራጭ፣ 15 ሴ.ሜ፣ 4
ረጅም አግዳሚ፣ 132 ሴ.ሜ፣ 4
የገበታ መሐል አግዳሚ፣ 140 ሴ.ሜ፣ 1
የጎን አግዳሚ፣ 54 ሴ.ሜ፣ 4

ድምሩ 15 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 17 ሜትር የተያዘው የተሰነጠቀ ጫፍና ጉጥ ስለሚበላው ነው፤ ከዚህ ያነሰ ትርፍ ይዞ መጀመር አደገኛ ነው።

ከጣውላው፦ ለገበታ 60 ሴ.ሜ 15 ቁራጭ፣ ለታችኛው መደርደሪያ 50 ሴ.ሜ 11 ቁራጭ። ይህ 14 ጣውላ ይበላል። የቀረው አንድ ጣውላ ለሁለት ይከፈላል፤ ለጎን ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ዘንበል ብሎ ለሚታሰር ድጋፍ) ይፈለጋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸውን በየተራ በሜትር እየለኩ መቁረጥ በየቁራጩ 1 ወይም 2 ሚሊ ስሕተት ያመጣል። የመጀመሪያው በጥንቃቄ ተቆርጦ ለሌሎቹ ሁሉ መለኪያ ይሁን። ሁለተኛውን ለሦስተኛው መለኪያ ማድረግ ግን ስሕተቱን ያጠራቅማል።

18ኛ ቀን፦ እግሮች

እያንዳንዱ እግር ሁለት ድርብ ነው። ረጅሙ ቁራጭ ሙሉ ቁመቱን ይሄዳል። በላዩ ላይ ከታች 15 ሴ.ሜው፣ ከዚያ 8 ሴ.ሜ ክፍተት፣ ከዚያ 52 ሴ.ሜው፣ ከዚያ እንደገና 8 ሴ.ሜ ክፍተት ይቀመጣል። ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች በክፍተቶቹ ውስጥ ይተኛሉ። የገበታው ክብደት ከአግዳሚው ወደ 52ቱ፣ ከዚያ ወደ ታችኛው አግዳሚ፣ ከዚያ ወደ 15ቱ፣ በመጨረሻም ወደ መሬት ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ክብደት የሚሸከም አንድም ብሎን የለም። መሮና ጊዜ የሚፈልገውን ቡርቦራ የሚተካ መላ ነው፤ ጥንካሬው ግን አይተናነስም።

የተጣለ ሞራሌ ልኩ አንድ አይደለም። 8 ሴ.ሜ የተባለው ሲለካ ከ77 እስከ 82 ሚሊ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ክፍተቱ በሜትር አይለካም፤ እዚያ የሚገባው አግዳሚ ራሱ ቁራጮቹ መካከል ተቀምጦ ነው ልኩ የሚወሰነው። ለእያንዳንዱ አግዳሚና ክፍተት አንድ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ። መነሻው ሁልጊዜ የእግሩ አናት ነው፤ የላይኛው አግዳሚ ከእግሩ አናት ጋር እኩል ካልሆነ ገበታው አይተኛም። ልዩነት ካለ ከ52ቱ ላይ ይቀነስ።

ኮላ የሚይዘው ንጹሕ ፊት ሲያገኝ ነው። ዝናብና ፀሐይ ያጠቆረው ላይኛ ቆዳ ኮላ አይጠጣም፤ ኮላው ቢይዝም ቆዳው ራሱ ይላጣል። የሚጣበቁት ፊቶች በመላጊያ አንድ ሁለት ጊዜ ይላጉ፤ አዲስ እንጨት ይታይ። ኮላው በስሱ በሁለቱም ፊት ተቀብቶ በሞርሴቶ (በእጅ በሚጠብቅ ተንቀሳቃሽ ማሰሪያ) ሲጠበቅ በጠርዙ ላይ ትናንሽ ጠብታዎች መደርደር አለባቸው። ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል፤ ከፈሰሰ በዝቷል። ነጭ ኮላ በብርድ አይሠራም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ሳይይዝ ይቀራል። ለአንድ ሰዓት በሞርሴቶ ይቆይ፣ ለ24 ሰዓት ክብደት አይጫን።

በኮላው ላይ 5 ሚሊ ውፍረት፣ 7 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ብሎን ተጨምሯል፤ በ52ቱ 4፣ በ15ቱ 2። መሪ ቀዳዳ ሳይቀዱ ማስገባት ደረቅ እንጨትን ይሰነጥቃል፣ በተለይ ከጫፍ 5 ሴ.ሜ ባልሞላ ቦታ። ለ5 ሚሊ ብሎን መሪ ቀዳዳው ለለስላሳ እንጨት 3 ሚሊ፣ ለጠንካራ 3.5 ሚሊ ነው። ከላይ ያለው ቁራጭ ግን በ5 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) መበሳት አለበት። ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። የብሎኑ ጥርስ ሁለቱንም እንጨት ከነከሰ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንዳለ ይታሰራል፤ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አይዘጋም። የላይኛው ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ግን የብሎኑ ራስ ይጎትተውና ይገጥማል።

የታየ ስሕተት፦ አራቱም እግሮች በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ሊታሰቡ ነበር፤ ረጅሙ ቁራጭ ወደ ውጭ። የፊተኞቹ ላይ ይህ ልክ ነው። የኋለኞቹ ላይ ግን አግዳሚው ከእግሩ የውጭ ፊት 4 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጀርባው ኮምፔንሳቶ እግሮቹን ብቻ ይዞ አግዳሚዎቹን ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ የኋለኞቹ ተገለበጡ፦ ረጅሙ ወደ ውስጥ፣ ክፍተቶቹ ወደ ውጭ። አሁን እግርና አግዳሚ ከኋላ አንድ ፊት ሆኑ። ኮላ ከመቀባቱ በፊት ሁሉንም በደረቁ ደርድሮ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

19ኛ ቀን፦ ማቆም

ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች በየክፍተታቸው ገቡ፤ ኮላና በየመገጣጠሚያው 2 ብሎን። የፊትና የኋላ ክፈፎች ለየብቻ መሬት ላይ ተኝተው ነው የሚታሰሩት።

ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ለትንሽ ማዕዘን ጥሩ ነው፤ 132 በ83 ለሆነ ክፈፍ ግን ሰያፉን መለካት ይሻላል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል፤ እዚህ እያንዳንዱ 155.9 ሴ.ሜ መሆን አለበት። የኋላው ክፈፍ መጀመሪያ 156.4 እና 155.4 ሆነ። የ1 ሴ.ሜ ልዩነት ማለት ክፈፉ አናቱ ላይ 6 ሚሊ ያህል ዘሟል ማለት ነው። ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ሰያፍ በገመድ ጠፍሮ መሳብ ያቃናዋል። ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ከዚያ የጎን አግዳሚዎች፣ በእግሮቹ የውጭ ጎን። የላይኞቹ ልክ ከላይኛው ረጅም አግዳሚ በታች፣ የታችኞቹ ልክ ከታችኛው በላይ ታሰሩ። በአንድ ከፍታ ላይ ያልሆኑት ሆን ተብሎ ነው። በአንድ ከፍታ ቢሆኑ ባለዳዶው ብሎን ማለፍ የሚችለው በእግሩ ግማሽ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከጎን አግዳሚው ጫፍ 2 ሴ.ሜ ላይ ይወድቅና ጫፉን ይሰነጥቃል። አሁን ሙሉ 8 በ8 እግር ስላለ ቀዳዳው ከጫፍ 5 ሴ.ሜ ላይ ሆነ። ሌላም ጥቅም አለው፤ የላይኛው የጎን አግዳሚ አናት ከመሬት 75 ሴ.ሜ ላይ ስለሆነ የገበታው መሐል አግዳሚ በቀጥታ ላዩ ላይ ያርፋል።

በየመገጣጠሚያው 2 ባለዳዶ ብሎን፣ አንዱ ከሌላው በሰያፍ፦ 8 ሚሊ ውፍረት፣ 14 ሴ.ሜ ርዝመት፣ በጠቅላላው 16፤ ሮንዴላ 32። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ በለስላሳ እንጨት ውስጥ ይሰምጣል። የተለመደው የ8 ሚሊ ፑንታ 12 ሴ.ሜ አያልፍም። ረጅም ፑንታ ከሌለ ነጥቡን በስኳድራ ወደ ሌላው ፊት አዙሮ ከሁለቱም ወገን መብሳት ነው። መሐል ላይ በ1 ሚሊ ካልተገናኙ ፑንታውን ደጋግሞ ማመላለስ ያስተካክላል። ቀዳዳውን 10 ሚሊ ማድረግ ቢቀልም ብሎኑ ውስጡ ይንቀሳቀሳል።

20ኛ ቀን፦ ሳይጠናከር መለካት

«ይወዛወዛል» የሚለውን ቃል በቁጥር መተካት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማጠናከሪያው መሥራቱ አይታወቅም። የተንጠልጣይ ሚዛን በላይኛው አግዳሚ ታስሮ አግድም እስከ 20 ኪሎ ይሳባል፤ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ መሬት ላይ ጉማጅ ይደገፋቸዋል። ከአጠገብ በቆመ ዘንግ ላይ የተሠራ ምልክት ስንት ሚሊ እንደሄደ ያሳያል።

በርዝመቱ፦ 14 ሚሊ። በጥልቀቱ፦ 9 ሚሊ።

ኮላ፣ ብሎን፣ ባለዳዶ ብሎን ሁሉ ታስሮ እያለ ነው ይህ የሆነው። መገጣጠሚያ ብቻውን ጎን አይይዝም፤ ከመገጣጠሚያው እስከ አናቱ ያለው እግር ረጅም ማንሻ ነውና።

21ኛ ቀን፦ ማጠናከር

በመጀመሪያ ሰያፍ ተሞከረ። ሁለት የፓሌት ጣውላዎች በኋላው ክፈፍ ላይ በጊዜያዊነት፣ ከእግር ወደ ላይኛው አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ተቃራኒ ሆነው ታሰሩ። በርዝመቱ ያለው ውዝዋዜ ከ14 ወደ 4 ሚሊ ወረደ። ሁለት የሆነው አንዱ በተገፋ ጊዜ ሲጨመቅ ሌላው ስለሚሳብ ነው። አንድ ሰያፍ ብቻ ከሆነ በአንደኛው አቅጣጫ ሥራው ሁሉ በብሎኖቹ ላይ ይወድቃል። የሰያፉ ዘንበል ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ይሁን። አጭርና ወደ ማዕዘኑ የተጠጋ ድጋፍ አሠራሩ ቀላል ቢሆንም እግሩን መሐሉ ላይ ይገፋዋል እንጂ አናቱን ከግርጌው ጋር አያስተሳስረውም።

ከዚያ ሰያፎቹ ተነሥተው 140 በ68 ሴ.ሜ የሆነው ባለ10 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በጀርባው ላይ ተለጠፈ። ኮላ በዙሪያው፣ 3 ሴ.ሜ ብሎን በየ12 ሴ.ሜ፣ 36 ያህል። ውጤቱ 1 ሚሊ። ሰሌዳው በሁሉም አቅጣጫ ሰያፍ እንዳለበት ነው የሚሠራው፤ ለማዘም ሰሌዳውን በሙሉ መቅደድ ይጠይቃል። ቀጭኑ ባለ6 ሚሊም ይህን ሥራ ይሠራል፤ የብሎኖቹ ርቀት ግን ከ12 ሴ.ሜ መብለጥ የለበትም፤ ያለዚያ በመካከላቸው ይነፋል። ችፕውድ ግን ጠርዙ ላይ ብሎን ስለማይዝ ለዚህ ቦታ አይመከርም።

ሰሌዳው ከመታሰሩ በፊት ሰያፍ መለኪያው እንደገና ይታይ። የዘመመ ክፈፍ በሰሌዳ ከታሰረ እንደዘመመ ይቀራል።

ለጎኖቹ፦ ለሁለት የተከፈለው ጣውላ፣ 60 ሴ.ሜ እያንዳንዱ፣ ከታችኛው የጎን አግዳሚ አንድ ጫፍ ወደ ላይኛው ሌላ ጫፍ። በየጫፉ 3 ብሎን፣ በአንድ መስመር ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ሠርተው፤ በእንጨቱ ጅማት ላይ በአንድ መስመር የተደረደረ ብሎን ጣውላውን እንደ ሽብልቅ ይከፍለዋል። በግራው ጎን ወደ ፊት ከዘነበለ በቀኙ ወደ ኋላ ይዘንብል። በጥልቀቱ ያለው ውዝዋዜ ከ9 ወደ 2 ሚሊ ወረደ።

22ኛ ቀን፦ ገበታ

ጣውላዎቹ አግዳሚዎቹን አቋርጠው፣ በ2 ሚሊ ልዩነት ተደርድረው፣ በፊትና በኋላ አግዳሚ ላይ 2፣ በመሐሉ 1 ብሎን (4.5 ሴ.ሜ) ታስረዋል። ኮላ የለም። ይህን ማስረዳት ይገባል፤ ጣውላዎቹን እርስ በርስ አጣብቆ አንድ ማድረግ የሚያምርና የሚጠነክር ይመስላልና። እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በስፋቱ ግን እርጥበት ሲቀባበል ያብጣል፣ ይኮማተራል። የእርጥበቱ መጠን በ6 በመቶ ሲለወጥ ለስላሳ እንጨት በስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይለወጣል። 10 ሴ.ሜ ጣውላ ላይ ይህ ከ1.5 ሚሊ አይበልጥም፤ የ2 ሚሊ ክፍተቱ ይውጠዋል። በኮላ አንድ የሆነ 150 ሴ.ሜ ስፋት ግን እስከ 2 ሴ.ሜ ይንቀሳቀሳል። በአግዳሚ ላይ ታስሮ መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ወይም አግዳሚውን ያጎብጣል።

14 ሙሉ ጣውላ ከተደረደረ በኋላ 7 ሴ.ሜ ያህል ይቀራል። ጠባቡ ቁራጭ ጫፍ ላይ አይደረግ፤ ሞርሴቶ ሲያዝበት ይገነጠላል። መሐል ይግባ። ጣውላዎቹ በፊት በኩል ከእግሮቹ በ5 ሴ.ሜ፣ በሁለቱ ጎኖች ከጎን አግዳሚዎቹ በ5 ሴ.ሜ ወጥተዋል፤ ሞርሴቶ የሚይዝበት ቦታ ይህ ነው።

በላዩ ባለ18 ሚሊው ኮምፔንሳቶ። የታሰረው ከሥር፣ በጣውላዎቹ በኩል፣ በ3.5 ሴ.ሜ 12 ብሎን ነው። ከላይ የብሎን ራስ አይታይም፤ መሮና መላጊያ ብረት አይነካም። ሲቆሳስል ከሥር ተፈትቶ ይገለበጣል፣ ከዚያም ይለወጣል። ኮላ ቢቀባ ይህ አይቻልም ነበር።

ውፍረትን በሚመለከት፦ የአንድ ጣውላ ግትርነት በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን 8 እጥፍ ይገትራል። ሁለት ሳይጣበቁ የተነባበሩ ግን የሁለት ጣውላ ያህል ብቻ ነው የሚገትሩት፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታልና። እዚህ ሳይጣበቅ የቀረው ጣውላው የሚሻገረው ክፍተት አጭር ስለሆነ ነው። የመሐል አግዳሚው ስላለ በሁለት አግዳሚ መካከል ያለው ርቀት 19 ሴ.ሜ ብቻ ነው። መሐል አግዳሚ ባይኖር 42 ይሆን ነበር፤ በመዶሻ ሲመታ ገበታው ይነጥር ነበር።

የታችኛው መደርደሪያ 11ዱ ቁራጭ በ6 ሚሊ ልዩነት፣ በየጫፉ 2 ብሎን። ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም።

23ኛ ቀን፦ እግር ማስተካከል፣ ሞርሳ፣ ዘይት

ጠረጴዛው ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ አንድ እግሩ 4 ሚሊ ተንሳፈፈ። አጭሩን እግር ማስረዘም አይቻልም፤ ሌሎቹን በዓይን ግምት መቁረጥም ጠረጴዛውን በየጊዜው እያሳጠረ ይሄዳል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከአጭሩ እግር ሥር ቀጭን ሽብልቅ እያስገቡ ገበታው በውሃ ልክ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪስተካከል ማንሣት፣ ከዚያ 10 ሚሊ ውፍረት ባለው ቁራጭ እንጨት ላይ እርሳስ አስተኝቶ በአራቱም እግር ዙሪያ መስመር ማስመር። በመስመሩ ሲቆረጥ አራቱም አንድ ወለል ያገኛሉ። ጫፎቹ ዙሪያቸውን 4 ሚሊ ያህል ይሞረዱ፤ ስል ጠርዝ ያለው እግር ሲጎተት ይሰነጠቃል። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ በቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ይጠጣ።

ሞርሳው በፊት ግራ እግር አናት ላይ ገባ፤ በቀኝ እጁ መጋዝ ለሚይዝ ሰው ነው፣ ለግራኝ ወደ ቀኝ ይዞራል። በሁለት እግሮች መካከል ቢቀመጥ ገበታው በየምቱ ይነጥራል። ከሥሩ 4 ሴ.ሜ ሞራሌ ተደርቦ በባለዳዶ ብሎን ተሻግሮ ታስሯል፤ የእንጨት ብሎን በሞርሳ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ይነቀላል።

ገበታው በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ የተልባ ዘይት ሁለት እጅ ተቀባ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልተመጠጠው ይጠረግ፤ ያለዚያ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ዘይቱን የጠረገው ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ይነሣል። ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

የጠረጴዛው ክብደት በስሌት 55 ኪሎ ገደማ ነው። ለመጋዝና ለመዶሻ ይበቃል፤ ረጅም ጣውላ ሲላግ ግን ይንሸራተታል። 25 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች በመደርደሪያው ላይ ከኋላው ሰሌዳ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ክብደት ወደ ታች ሲሆን ከመንሸራተትም ከመገልበጥም ያድናል።

58ኛ ቀን፦ ዳግም ማጥበቅ

16ቱም ባለዳዶ ብሎኖች ተፈተሹ። 9ኙ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዞረዋል፣ 2ቱ ሙሉ ዙር። ሙሉ ዙር የዞሩት ሁለቱ በአንድ የጎን አግዳሚ ላይ ያሉ ናቸው፤ ያ ቁራጭ ሲደርቅ ያልተመዘነና ከሌሎቹ የከበደ ነበር። ከሥራቸው ሁለተኛ ሰፊ ሮንዴላ ተጨምሮ ተጠብቀዋል።

በ20 ኪሎ ስቦሽ፦ በርዝመቱ 1 ሚሊ፣ በጥልቀቱ ከማጥበቁ በፊት 3፣ ከማጥበቁ በኋላ 2። የገበታ ጣውላዎቹ ክፍተት ከ2 ወደ 3 ሚሊ ሰፍቷል፤ የተሰነጠቀ የለም። የፊት ቀኝ የገበታ ብሎን አንዱ ራሱ ብቅ ስላለ ተፈትቶ መቀበሪያው በ2 ሚሊ ጠልቆ ተመልሷል። ቀጣዩ ማጥበቅ ወቅቱ ከደረቅ ወደ ዝናብ ሲለወጥ ነው።